ኮምፓይለር፦ በነጻው ጂሲሲ መቀጠል ወይስ ከፍሎ መግዛት? የኔ ልምድ

ሰሞኑን ሥራ ቦታ "ኮምፓይለር ይገዛ ወይስ በነጻው እንቀጥል" የሚል ክርክር ስለነበረ እኔም ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው። ኮምፓይለር ማለት የጻፍነውን ኮድ ቺፑ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። የምሰራው ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ ባለው ቺፕ ላይ የሚሄድ ፕሮግራም) ነው፣ የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠር ቦርድ፣ ባብዛኛው ኤስቲኤም32 በሚባሉት ቺፖች ላይ።

ነጻው ኮምፓይለር ጂሲሲ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው፣ ኤስቲኤም32 ኪዩብ አይዲኢ የሚባለውን ኮድ መጻፊያ ስታወርዱ አብሮ ይመጣል፣ አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። "ጂፒኤል (ኮዱን ክፍት አድርጉ የሚል ፈቃድ) ስለሆነ የራሳችሁንም ኮድ ክፈቱ ትባላላችሁ" እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ፣ ውሸት ነው፣ ጂፒኤሉ የሚይዘው ኮምፓይለሩን ነው፣ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ለሚገባው የጂሲሲ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚመጣ ኮድ) ደግሞ ለብቻው ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶታል፣ ኮዳችሁን ዘግታችሁ መሸጥ ትችላላችሁ።

ችግር የለውም ወይ? አለው እንጂ። 32 ኪሎባይት ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ቦታ) ብቻ ባላት ቺፕ ላይ ፕሪንትኤፍ (ጽሑፍና ቁጥር ማተሚያውን) ጨምሬ ቢልድ ሳደርግ ሊንከሩ (የኮዱን ክፍሎች የሚያገጣጥመው) "ፍላሽ ኦቨርፍሎውድ"፣ ማለትም ቦታው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ብሎ ተፋው። ኒውሊብ ናኖ የሚባለውን ቀለል ያለ ላይብረሪ መርጬ ስሞክር ገባልኝ፣ ደስታዬን ሳልጨርስ ግን የግፊቱ ቁጥር መውጫ ቦታ ባዶ! ለካ ናኖው ካላዘዛችሁት ነጥብ ያለው ቁጥር አያትምም፣ ልዘዘው ስል ደግሞ ቦታ ይበላል፣ በቃ በ10 አባዝቼ እንደ ኢንት አተምኩት። ያንኑ ኮድ አይኤአር በሚባለው የሚከፈልበት ኮምፓይለር የሙከራ ቨርዥን ስሞክረው ያለምንም ጣጣ ገብቷል፣ ይሄን መካድ አልችልም።

አንዱ ጓደኛችን ደግሞ "ጂሲሲ ኦፕቲማይዝ ሲያደርግ (ኮዱን ሲያሳጥርና ሲያፈጥን) ኮድ ያበላሻል" ብሎ ሙጭጭ አለ። ኮዱን ሳየው ኢንተራፕት (ዋናውን ሥራ አቋርጦ የሚገባ ኮድ) ውስጥ የሚቀየረውን ቫሪያብል ቮላታይል ("ሊቀየር ስለሚችል ሁሌም እንደገና አንብበው" የሚል ምልክት) አላለውም፣ ኮምፓይለሩ አንዴ አንብቦት ፕሮግራሙ ሉፕ ውስጥ ተገትሮ ቀረ። ውድ የተባለውን ብትገዙለትም ያው ነበር የሚሆነው።

ከዚህ በፊት አንድ የሚከፈልበት፣ ስሙ ይቅር፣ ተገዝቶልን ነበር። ላይሰንሱ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ፣ ላይሰንሱን ወደ ሌላ ለማዛወር ኢሜይል ስንጻጻፍ ሳምንት አለፈ፣ ዴድላይኑን በጂሲሲ ነው የጨረስነው። ዶላር ለማግኘት ያየነውን መከራማ አታንሱብኝ።

ደግሞ እኮ ትልልቆቹም ወደ ነጻው ዞረዋል፣ የቺፕ ነዳፊው አርም ኮምፓይለር 6 ክላንግና ኤልኤልቪኤም በሚባሉት ነጻ የኮምፓይለር መሥሪያዎች ላይ የተሰራ ነው፣ ኢንቴልም የድሮውን ጥሎ ወደ ኤልኤልቪኤም ገብቷል። ታዲያ ብሩ ለምንድነው? ለወረቀቱና ስልክ ለሚያነሳላችሁ ሰው። የመኪና ብሬክ የምትሰሩ ከሆነ በአይኤስኦ 26262 (የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ደህንነት ደረጃ) የተመሰከረለት ኮምፓይለር ስትጠየቁ ቲዩቪ ሱድ የሚባለው መርማሪ ድርጅት ሰርተፍኬት የሰጠው የአይኤአር ዕትም አለላችሁ፣ ያኔ ሳትከራከሩ ግዙ።

የኛ ደንበኛ ፓምፑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲነሳለት ነው የሚፈልገው፣ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አንስቶ አያውቅም። እኔ ለአለቃችን በዛው ብር ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናል ማያ መሣሪያ) ይገዛልን ብያለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም።