በተመሰጠረ ሊንክ ፋይል መላክ፦ ከወራት በኋላ

ውል፣ የፓስፖርት ስካን፣ የደንበኛ ሒሳብ፣ አንዳንዴም ከባድ ቪዲዮ። እነዚህን ሁሉ በተመሰጠረ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ በተቆለፈ) የክላውድ ሊንክ መላክ ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። የምጠቀምበትን አገልግሎት ስም ልተወው፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ፣ ደግሞም የምለው ነገር አብዛኛው ለተመሳሳዮቹም ይሠራል። ምስጠራው ጥሩ ነው። ጣጣው ያለው ሊንኩ ላይ ነው።

መጀመሪያ የወደድኩትን። ፋይሉ የሚመሰጠረው የኩባንያው ሰርቨር ጋ ከመድረሱ በፊት፣ እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ታዲያ ተቀባዩ አካውንት እንኳ ሳይኖረው እንዴት ይከፍተዋል? ሊንኩን ልብ ብላችሁ እዩት። መሃሉ ላይ # ምልክት አለች፤ ከሷ ቀጥሎ ትርጉም የለሽ የሚመስሉ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይመጣል። ቁልፉ እሱ ነው። ብሮውዘር ከ# በኋላ ያለውን ወደ ሰርቨር አይልክም፤ ስለዚህ ኩባንያው የታሸገውን ፋይል ይዞ ይቀመጣል እንጂ መክፈቻው እጁ አይገባም። እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ግን ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ቁልፉንም አገኘ ማለት ነው። ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ ወይ ኢሜይሉ ለሌላ ሰው ፎርዋርድ ከተደረገ ምስጠራው ምንም አያስጥልም። ለዚህ ነው ቁም ነገር ያለበት ፋይል ላይ ሁሌ ፓስወርድ የምጨምረው፤ ሊንኩን በኢሜይል እልካለሁ፣ ፓስወርዱን ደግሞ ደውዬ እናገራለሁ። ሁለቱን በአንድ መልእክት መላክ በር ቆልፎ ቁልፉን እዛው እጀታው ላይ ማንጠልጠል ነው። የጊዜ ገደብም አደርግበታለሁ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት። ሊንኩ ተዘጋ ማለት ግን ፋይሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። ያወረደ አውርዷል።

የሚያበሳጨው ምን መሰላችሁ? አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራም ረጅሙን ሊንክ ሁለት መስመር ላይ ይቆርጠውና የመጀመሪያው መስመር ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ተቀባዩ ይጫነዋል፣ ገጹ ቁልፍ አስገባ ይለዋል፣ ወዲያው ስልኬ ይጮኻል፦ «ኧረ የምን ቁልፍ ነው የሚጠይቀኝ?» ከዛ ሊንኩን እስከ ጭራው ኮፒ አድርጎ ብሮውዘር ላይ እንዲለጥፍ ማስረዳት ነው። ከባድ ፋይል ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የሚፈታው የተቀባዩ ብሮውዘር ስለሆነ ሜሞሪው አነስ ያለ ስልክ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ መልእክት መላኪያ አፕ ውስጥ በሚከፈተው ትንሽዬ ብሮውዘርማ አለመሞከር ይሻላል።

ፓስወርድ መርሳትም እዚህ ቀልድ አይደለም። የአካውንቱን ፓስወርድም፣ ፓስወርድ ሲጠፋ አካውንቱን ለማስመለስ የሚሰጡትን መልሶ ማግኛ ቃላትም ካጣችሁ ኩባንያውን ብትለምኑት ምንም አያመጣም፣ ቁልፉ እሱ ጋ የለማ! እኔ ቃላቱን ወረቀት ላይ ጽፌ አስቀምጫቸዋለሁ።

«ማንም አያየውም» የሚለውን ወሬ ግን ሙሉ በሙሉ አትዋጡት። የፋይሉ መጠን፣ የተላከበት ሰዓት፣ የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበት ቁጥር)፣ እነዚህ ይታያሉ። ድረ ገጹ ላይ ምስጠራውን የሚሠራውን ኮድ የሚልክልንም ያው ኩባንያ ነው፣ ስለዚህ እምነት ጭራሽ አያስፈልግም የሚል ሰው አጋኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 የስዊዘርላንዱ ዩኒቨርሲቲ የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች ሜጋ የተባለውን የተመሰጠረ የክላውድ አገልግሎት አሠራር ፈትሸው ክፍተቶች አግኝተውበታል፤ ሜጋም ማስተካከያ አወጣ። ለኔ ይሄ የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያረጋጋ ነው፣ የሚፈትሽ አለ ማለት ነውና። ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ያላደረገ አገልግሎት ግን ብዙም አያምረኝም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ይዘቱን ማየት የማይችል ሰርቨር ቫይረስም ማጣራት አይችልም። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን ፋየርፎክስ ሴንድ የተባለ የተመሰጠረ ፋይል መላኪያ በዓመቱ፣ በ2020፣ መጀመሪያ ያቋረጠው ቫይረስ የሚያሰራጩ ሰዎች መጠቀሚያ ስላደረጉት ነበር፤ በዚያው ዓመት ጨርሶ ዘጋው። የተመሰጠረ ሊንክ ሲመጣላችሁም ላኪውን ሳታውቁ አትክፈቱ።

ክፍያዬን አድሳለሁ። ለሰነድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ለከባድ ቪዲዮ ግን ሌላ መላ እየፈለግኩ ነው፣ በደካማ ስልክ ላይም ሳይንገራገጭ የሚወርድ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።