«በአንድ ጠብታ ደም የሠላሳ አንቲባዮቲክ አለርጂ» የሚለውን ጥቅል አትግዙ

የጣታችሁን ጫፍ ወግታችሁ ደሙን ወረቀት ላይ ታደርቃላችሁ፤ በፖስታ ትልካላችሁ፤ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚስማማችሁና የትኛው እንደማይስማማችሁ የሚናገር ዝርዝር ይመጣላችኋል። የሽያጩ ቃል ይህ ነው። እህቴ ገዝታው ውጤቱን አገላብጬ አይቼዋለሁ። የመድኃኒት ስሞች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ በየስሙ አንጻር መለኪያው ያልተጻፈ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነጥብ አለ። ግርጌው ላይ፣ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ፊደል፣ ውጤቱ ለሕክምና ውሳኔ እንደማያገለግል ተጽፏል። ታዲያ ለምን ሊያገለግል ነው የተሸጠው?

ከፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆነው አሞክሲሲሊን ቀይ ነው። እህቴ ግን ይህንኑ መድኃኒት በቅርቡ ለጥርሷ ታዛላት ምንም ሳትሆን ወስዳ ጨርሳለች።

ምክንያቱ ራስጌው ላይ ተጽፏል፦ የተለካው አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አይጂጂ ሰውነት ከመድኃኒቱ ጋር መተዋወቁን ቢያሳይ እንጂ አለርጂ መኖሩን አያረጋግጥም። ወዲያው የሚነሳውን፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረውንና ከንፈር የሚያሳብጠውን አለርጂ የሚቀሰቅሰው በአብዛኛው አይጂኢ የሚባለው ሌላ አንቲቦዲ ነው። እሱን የሚለካ ደህና የላቦራቶሪ ምርመራ የተዘጋጀው ደግሞ ለጥቂት መድኃኒቶች ብቻ ነው፤ በዋናነት ለፔኒሲሊን ጂ፣ ለፔኒሲሊን ቪ፣ ለአምፒሲሊን፣ ለአሞክሲሲሊንና ለሴፋክሎር። ሠላሳው ከየት መጣ?

ይህ ደህና የተባለውም ምርመራ ቢሆን አለርጂ ያለባቸውን ብዙ ሰዎች ያመልጠዋል። ፔኒሲሊን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሞለኪውሉ ቀለበት ተከፍቶ ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፤ ሰውነት የሚቆጣው በዚህ መንገድ በሚፈጠሩት የተለያዩ ቅርጾች ነው፤ ላቦራቶሪው የሚፈትሸው ግን ጥቂቶቹን ነው። በዚያ ላይ አይጂኢ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ከቀናት በኋላ የሚወጣው ሽፍታ ደግሞ ቲ ሴሎች የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ሥራ ስለሆነ በአይጂኢ ምርመራ ጨርሶ አይታይም።

የተሻለ የደም ምርመራ እየተሠራ አይደለም ማለቴ አይደለም። ባሶፊል የሚባሉትን የደም ሴሎች ከመድኃኒቱ ጋር አገናኝቶ መቆጣታቸውን የሚያይ ዘዴ አለ፤ ተስፋ የሚጣልበት ነው። ነገር ግን ሴሎቹ በሕይወት መኖር አለባቸው፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ቢበዛ በአንድ ቀን ውስጥ መመርመር ይኖርበታል። ወረቀት ላይ የደረቀ ደም ይህን ሊሠራ አይችልም። ሻጩ «አዲሱ የባሶፊል ቴክኖሎጂ» ቢላችሁ ስለ ፖስታው ጠይቁት።

የሐሰት ቀይ ነጥብ ገንዘብ አባክኖ ብቻ አይቀርም። «የፔኒሲሊን አለርጂ» የሚል ቃል የሕክምና መዝገብ ውስጥ አንዴ ከገባ ለመውጣት ያስቸግራል፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ሌላ፣ ብዙ ጊዜ ለበሽታው ያን ያህል የማይመጥን ወይም የአንጀትን ጤና ይበልጥ የሚያናጋ መድኃኒት ለማዘዝ ይገደዳል። ይህ ቃል የተለጠፈባቸው ሰዎች በአግባቡ ሲመረመሩ ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት ፔኒሲሊንን ያለ ችግር ይወስዳሉ። በልጅነት የወጣ ሽፍታ ስንቴ የቫይረስ ሆኖ ሳለ በመድኃኒቱ ተሳብቧል!

ጥርጣሬ ካላችሁ ወደ አለርጂ ሐኪም ሂዱ። የሚጀምረው በጥያቄ ነው፦ ምን ወሰድሽ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ፣ ምን ታየብሽ? ካስፈለገ የቆዳ ምርመራ ያደርጋል፤ ሁኔታው ከፈቀደም መድኃኒቱን ሕክምና ቦታው ውስጥ እየተከታተለ ይሰጣችኋል። ወሳኙ ምርመራ ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በፊት በመድኃኒቱ ሳቢያ ቆዳው የተላጠበት ወይም አፍና ዓይኑ የቆሰለበት ሰው ግን ይህ ሙከራ አይደረግለትም።

ጥቅሉን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ከቀዩ ይልቅ አረንጓዴው ያሳስበኛል። ከዚህ በፊት ትንፋሽ ያሳጠራችሁን መድኃኒት ወረቀቱ አረንጓዴ ስላለ ብቻ ቤታችሁ ውስጥ አትሞክሩት።