የቤተሰብ የምስጋና ደብተር፦ ተጠቅመንበት ያየነው

ይሄን የምስጋና ደብተር ለቤተሰብ ጸሎት ብለን ነው የገዛነው፣ በጣም ወደነዋል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ጥቅስ አለ፣ ከስሩ ሁሉም የቤቱ ሰው የሚጽፍበት መስመር፣ ከዛ ደግሞ "ዛሬ የከበደን ነገር" የሚል ትንሽ ሳጥን፤ እኔ እንደውም ከሁሉም የወደድኩት ይቺን ሳጥን ነው ምክንያቱም ማመስገን ማለት ችግር የለም ብሎ ማስመሰል አይደለም፣ ጳውሎስ ራሱ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ልመናችሁን ከምስጋና ጋር አቅርቡ ብሎ የጻፈው እኮ ታስሮ ነው (ፊልጵ. 4፥6)።

ሉቃስ 17 ላይ ያሉት፣ ኢየሱስ ፈውሷቸው አንዱ ብቻ ሊያመሰግን የተመለሰው የአስሩ ለምጻሞች ገጽ ላይ ልጆቹ ብዙ ቆዩ። ትንሿ "ዘጠኙ ለምን አልተመለሱም?" ስትል ታላቋ "ቤተሰቦቻቸውን ለማየት ቸኩለው ይሆናላ" አለቻት፣ ከዛ ትንሿ እስኪርቢቶውን ተቀብላ "ሲያመኝ እማዬ አብራኝ ስላደረች ጌታ ሆይ አመሰግንሃለሁ" ብላ ጻፈች፣ ባለቤቴ አንብባው እንባዋ መጣ። እንደዚህ አይነት ነገር ዝም ብሎ "በሉ አመስግኑ" በማለት አይገኝም።

ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ቀለም ወደ ጀርባ አያሳልፍም። ጥራዙ ግን ደካማ ነው፣ በየቀኑ ስለሚገለጥ ገጾቹ መላቀቅ ጀምረዋል፣ መስመሮቹም ገና ፊደል ለሚለማመድ ልጅ ይጠባሉ። ጎረምሳ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ጮክ ብለህ አንብብ ብሎ ባያስገድድ ጥሩ ነው፣ የኛ ትልቁ ልጅ ይጽፋል ግን አያነብልንም፣ እኛም ከእግዚአብሔር ጋር ይነጋገርበት ብለን ትተነዋል። ጥራዙን ካጠነከሩት ሁለተኛ እንገዛለን።