ኪሎ፦ ብረት ይሻላል ወይስ ቁጥር?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሲመዘን ዓይኔ የሚያርፈው የሚዛኑ ድንጋይ ላይ ነው። ጠርዙ ከተበላ ገዢው ተጎዳ ማለት ነው። ግን ድንጋዩ ራሱ በምን ተለካ? ወደ ላይ እየተከተልን ብንሄድ፣ መጨረሻው ፓሪስ አጠገብ፣ ሴቭር ውስጥ የተቆለፈበት አንድ ብረት ነበር።

ብረቱ 90 በመቶ ፕላቲነም፣ 10 በመቶ ኢሪዲየም ነው። ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪሎግራም ማለት እሱ ነበር። ደግነቱ ለማንም ይገባል፤ «ኪሎ ይኸው» ብሎ ማሳየት ይቻላል። ችግሩ ግን ከባድ ነው። በመቶ ዓመት ገደማ ከቅጂዎቹ ጋር 50 ማይክሮግራም ያህል ተለያየ። እሱ ቀንሶ ይሁን እነሱ ጨምረው፣ መለየት አይቻልም። በትርጉሙ እሱ ሁልጊዜ ልክ ነዋ!

ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ ኪሎ በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ላይ ቆሟል፤ ይህ የትም መቼም የማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ነው፦ 6.62607015 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ። ኪብል ሚዛን የሚባለው መሣሪያ የዕቃውን ክብደት ከኤሌክትሪክ ጉልበት ጋር ያመዛዝናል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ የሚለካው በዚሁ ቁጥር በኩል ነው። መሣሪያው ውድ ነው፤ ለተማሪ ማስረዳቱም ያደክማል። እኔ ግን ያለማመንታት ቁጥሩን እመርጣለሁ። አይዝግም፣ አይሰረቅም፣ የአንድ አገር ንብረት አይደለም። መሣሪያው ካለ ጎንደርም ላይ ኪሎን ከሥሩ ማውጣት ይቻላል። ሜትርም ቢሆን ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለካው በብርሃን ፍጥነት ነው።

ለጤፍ ነጋዴዋ ግን ምንም አልተለወጠም። ቁጥሩ የተመረጠው አዲሱ ኪሎ ከድሮው ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ነው።