አንድ ሊትር የሚይዝ የብረት ኮዳ፦ ከስድስት ወር አገልግሎት በኋላ

ጎኔን ወግቶኝ ሐኪም ዘንድ በሄድኩበት ቀን በአልትራሳውንድ ትንሽ የኩላሊት ጠጠር ታየብኝ። ሐኪሙ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደምጠጣ ሲጠይቀኝ ቁጥር መጥራት አቃተኝ፤ እንደ አብዛኛው ሰው ሲጠማኝ እጠጣለሁ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አንድ ብርጭቆ እጨምራለሁ ከማለት ውጭ መልስ አልነበረኝም። ሽንት ሲያንስ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ተሰባስበው እንደሚጠጥሩ፣ ጠጠር የያዘው ሰውም እንዳይመለስበት በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እንዲወጣው አድርጎ መጠጣት እንዳለበት አስረዳኝ። በዚያው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ካለ የዕቃ ሱቅ ይህን የማይዝግ ብረት ኮዳ በ850 ብር ገዛሁት።

የኮዳው ትልቁ ጥቅም ልኩ የታወቀ መሆኑ ነው። ብርጭቆ ስንት ጊዜ እንደተቀዳ ይረሳል፤ ኮዳ ግን ወይ አልቋል ወይ አላለቀም። የማስተምረው ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት ሙሉውን ይዤ ከቤት እወጣለሁ፤ እስከ ምሳ እጨርሰዋለሁ፣ ከዚያ እንደገና ሞልቼ ወደ ማታ አገባድዳለሁ። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች ጥሙ አይሰማም፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን ሙቀቱና ላቡ ሌላ ነው፣ ኮዳውም ቶሎ ይጎድላል። ቀድሞ ከሰዓት በኋላ ይይዘኝ የነበረው ራስ ምታት ቀንሶልኛል፤ ሽንቴም ከደማቅ ቢጫ ወደ ፈዛዛነት ተለውጧል፣ ይህም በቂ ውሃ መጠጣትን ለማወቅ ማንም ቤቱ ሊያየው የሚችል ምልክት ነው።

ሌላው የወደድኩለት የፈላ ውሃ መቻሉ ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ትኩስ ሲገባበት ይጨማደዳል፤ ይህ ግን ምንም አይሆንም። የቧንቧ ውሃ አፍልቶ ለሚጠጣ የደሴ ሰው አንድ ነገር ላሳስብ፦ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ወዲያው ሳያወርዱ 3 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ግድግዳው ነጠላ ስለሆነ ትኩስ እንደሞሉት እጅ ያቃጥላል፤ እኔ ማታ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ።

ጉድለቱ ክዳኑ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቦርሳዬ ውስጥ አፍስሶ ያረምኩትን የተማሪዎች የፈተና ወረቀት አበላሸብኝ። መልሼ ስወስደው ባለሱቁ «አብሽሪ እህቴ፣ ጎማው ነው» ብሎ ያለ ክፍያ በአዲስ ቀየረልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየሁበትም። ጎማው ሥር ግን ጥቁር ሻጋታ ይይዛል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በማንኪያ ጫፍ አውጥቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና ካላጠብኩት ውሃው ይሸታል። አፉም ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም፣ የጡጦ ብሩሽ መግዛት ግድ ሆኖብኛል።

በረመዳን ሳይቀር ጠቅሞኛል፤ ከማታው አፍጥር እስከ ሌሊቱ ሱሁር ሁለት ኮዳ ቆርጬ ይዤ፣ በአንዴ ከመጋት ይልቅ ከተራዊሕ ሶላት በፊትና በኋላ እያከፋፈልኩ ጠጣሁ። ቶሎ ቶሎ ብዙ ውሃ መጠጣት የደምን ጨው ስለሚያቀጥን ለጤነኛም አይበጅም፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ደግሞ መጠኑን ከሐኪሙ መስማት አለበት።

ለእናቴም መግዛት ፈልጌ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ስለሚደክም «ሳይጠማኝ ምን ብዬ ልጠጣ፣ ልጄ» ትለኛለች። ሲሞላ ግን ለእጇ ከበዳት፤ ስለዚህ የዚሁኑ ዓይነት ግማሽ ሊትር ገዝቼላት፣ ከሶላት ስትነሳ እንድታየው መስገጃዋ አጠገብ አስቀምጬላታለሁ። እስከ ዙሁር፣ የቀትር ሶላት፣ አንዱን ትጨርሳለች።