በሰማያዊ መብራት ሥር የተነሣ የኮራል ፎቶ አይታችሁ ገንዘብ አትላኩ

ኮራልና ክላም (በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ) በፎቶ እየመረጣችሁ የምትገዙ የባሕር አኳሪየም ባለቤቶች፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ፎቶው በምን ዓይነት ብርሃን እንደተነሣ እንድትጠይቁ አሳስባለሁ። በቅርቡ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ኮራል በፎቶው ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ነበር፤ ነጭ መብራት ሲበራበት ግን ተራ ቡናማ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ፎቶውን ፈጽሞ እንዳልነካካው ይከራከራል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በብዙ ኮራሎች ሥጋ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርገው ስለሚመልሱት፣ መብራቱ ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ቀለሙ ያለ ምንም ማስተካከያ ይጋነናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የኮራሉን ዙሪያ ተመልከቱ፤ አሸዋው ወይም ኮራሉ የተለጠፈበት ነጭ መቆሚያ ወይን ጠጅ መስሎ ከታየ ቀለሙን አትመኑ። ወደ 10,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) በሚጠጋ ነጭ ብርሃን፣ የውሃው ፓምፕ ቆሞ፣ ካሜራው ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆኖ የተነሣ ሌላ ፎቶ ጠይቁ። አክሮፖራ በተባሉት ድንጋያማ ኮራሎች ላይ የሚለጠፉት አጓጊ የንግድ ስሞችም ዋጋ ከማናር ያለፈ ፋይዳ የላቸውም፤ ዝርያውን በእርግጠኝነት ለመለየት የአጽሙን ጥቃቅን ጽዋዎች በማጉያ መመርመር ያስፈልጋልና።

በክላም ላይ ግን ነገሩ ይብሳል። ሻጮች ከላይ ያሸበረቀውን ሥጋ ብቻ ያሳያሉ፤ ዝርያውን ለመለየት ይበልጥ የሚረዳው ግን ቅርፊቱ ነው። ትሪዳክና ስኳሞሳ የተባለው የግዙፍ ክላም ዝርያ ተራርቀው የቆሙ ትልልቅ ቅጠል መሰል ክፈፎች አሉት፤ የማክሲማ ክፈፎች ተጠጋግተው የተደረደሩ ናቸው፤ የዴራሳ ቅርፊት ደግሞ ለስላሳ ነው ማለት ይቻላል። ክሮሲያ የተባለው ዝርያ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ሲሆን ዴራሳ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ስለሚችል፣ ገና ትንሽ ሳለ በተሳሳተ ስም የተሸጠላችሁ ክላም ኋላ ገንዳው ይጠበዋል። የቅርፊቱን ሥር በቅርበት የሚያሳይ ፎቶም አስልኩ፤ ከዐለት ጋር የሚያጣብቁት ክሮች የሚወጡበት ቦታ ተቀዶ ከሆነ እንስሳው ላይተርፍ ይችላል፤ በክፈፎቹ መካከልም የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ጥገኛ ቀንድ አውጣዎች ይደበቃሉ።

ድንጋያማ ኮራሎችና ግዙፍ ክላሞች ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ ከሌላ አገር የሚላክላችሁ ከሆነ የላኪውን አገር ፈቃድ ቅጂ ቀድማችሁ ተቀበሉ፤ በፈቃዱ ላይ የሰፈረው ስም ከማስታወቂያው ጋር ካልገጠመ ክፍያውን አቁሙ።