የተሸነሸነ ሱቅ፣ አንድ ቆጣሪ፦ የመብራት ሂሳቡን በምን እንካፈል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሱቅ በጂፕሰም ተከፍሎ ለሦስት ሲከራይ ቆጣሪው ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ ይቀራል። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ወር ሲደርስ ነው።

እኩል መካፈል የሚያዋጣው ሦስቱም ልብስና ጫማ ሻጭ ከሆኑ፣ ከአምፖልና ከስልክ ቻርጀር ያለፈ ነገር ከሌለ ብቻ ነው። ፀጉር ቤት ከገባ አይሆንም። 2,000 ዋት የፀጉር ማድረቂያ (ፎን) ሦስት ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ጎረቤቱ አራት ባለ 10 ዋት አምፖሎች በቀን 10 ሰዓት እያበራ ያንን ለመጨረስ 15 ቀን ይፈጅበታል።

በዕቃ ግምት መካፈል፣ ማለትም ዋቱን በሰዓት ማባዛት፣ ከእኩል ክፍያ ይሻላል። የሚያበላሸው እንደ ጁስ ቤት ያለው ሱቅ ፍሪጅ ነው። ሱቁ ክፍት የሆነበትን ሰዓት ብቻ ከቆጠራችሁ ሌሊቱ ይቀራል፤ በ24 ሰዓት ካባዛችሁ ደግሞ ሞተሩ እያረፈ ስለሚሠራ ጁስ ቤቱ ይበደላል።

ለአብዛኛው ተከራይ የምንመክረው ንዑስ ቆጣሪ ነው። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየሱቁ አንድ፣ ከነብሬከሩ ይገጠማል፤ የዋናው ማሸጊያ አይነካም። ወሩ ሲያልቅ ፀጉር ቤቱ 210 ኪሎዋት ሰዓት፣ ጁስ ቤቱ 130፣ ልብስ ሰፊው 60 ቢያነቡ ድምሩ 400 ነው። ሂሳቡ ለምሳሌ 2,520 ብር ቢመጣ የየድርሻቸው 1,323፣ 819 እና 378 ብር ይሆናል። እኩል ቢካፈሉ ኖሮ ልብስ ሰፊው 840 ይከፍል ነበር! ዋናው 420 ቢያነብ አትደንግጡ፤ የኮሪደር መብራትና ብክነት ነው፣ በድርሻ ስትካፈሉ አብሮ ይከፋፈላል። ልዩነቱ በየወሩ ከሰፋ ግን ከንዑስ ቆጣሪዎቹ በፊት የተቀጠለ መስመር ፈልጉ።

ከገጠማ በኋላ ፈትኑት። የአንዱን ሱቅ ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ፣ አምፖሎቹንም አጥፉ፤ ንዑስ ቆጣሪው ላይ ያለው ቀይ መብራት አሁንም ብልጭ ካለ የሌላ ሰው መስመር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ባለ 1,000 ዋት ማንቆርቆሪያ ውሃ ሞልታችሁ ሰኩ፤ ካውያ አይሁን፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ቆጣሪው ላይ 1,600 imp/kWh (በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1,600 ብልጭታ) የሚል ከተጻፈ በ6 ደቂቃ ወደ 160 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ቮልቴጅ ከወረደ ቁጥሩ ያንሳል። ብሎኖቹም በደንብ ይጥበቁ፣ የላላ ጫፍ ግሎ ቆጣሪውን ያቃጥላል።

ለዓመታት ለሚቆይና አከራዩ ለተስማማለት የራስ ቆጣሪ ከሁሉም ይበልጣል፤ የጎረቤት ዕዳ መብራቱን አያስጠፋበትም። ዋናው የካርድ ቆጣሪ ከሆነ በወሩ የተሞላውን ብቻ አትካፈሉ፤ ከባለፈው ወር የዞረውን ቀሪ ሂሳብ ደምራችሁ፣ ለሚቀጥለው የተረፈውን ቀንሱ። ንባቡንም በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ሦስቱም ባሉበት ፎቶ አንሱት።